ብረት አለብዎት ወይ?

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለካሳነሽ፤

እንደ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ሆኖ ታየኝ። ቀኝ ፊቴ ደህና ነው፤ ሰላምታውን እሱ ያቀርብልሻል። ግራው እንደምታውቂው ነው።

«ስልኩን ለምን ዘጋህብኝ» ብለሽ በአውቶቡስ ሾፌሩ በይሄይስ እጅ የላክሽው ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። ካሴ፣ ሆን ብዬ ነው የዘጋሁት፤ አልዋሽሽም። ከንፈሬ አልገጥም እያለ «በ»ም «መ»ም ያመልጡኛል። ያን ዕለት ካንቺ ጋር ስነጋገር የውብአየሁ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው «ይሄ እንግዳ ደግሞ በጠዋቱ ቀምሷል» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ በፋሲካ እንኳ ከሁለት ብርጭቆ ጠላ የማላልፈውን ሰውዬ! ያሳረፈችኝ ውብአየሁ የአጎትሽ ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ ወጥቼ እነግራቸው ነበር። ብወጣስ በየትኛው አፌ? ስለዚህ ስልኩን ዘግቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ብዕር ከንፈር አይፈልግም። አንቺም ጻፊልኝ። ይሄይስ ሾፌር ቢሆንም አደራ አይበላም።

«ለአንድ ነፋስ ነው እዚያ ድረስ የሄድከው ወይ» ላልሽው፣ ነፋስ አይደለም ይላሉ። የባሕር ዳሩ ሐኪም ያለኝን በወጉ ሳልነግርሽ ነው የተሳፈርኩት፤ ይቅር በይኝ። ነፋስ የመታው ሰው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ፊቱ ተጣሞ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ወር ውስጥ ይመለስለታል። የኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ከዓይኔ ሥር ይርገበገብ ነበር፤ አንቺም «ዘመድ ሊመጣ ነው» ትይኝ ነበር። የመጣውን ዘመድ አየሽው? ቀጥሎ ውኃ ስጠጣ በአፌ ጥግ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ዳማውን በፉጨት ስጠራው ፈረሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አርጅቷል ብዬ ስረግመው ከረምኩ፤ ለካ ያረጀው የኔ ከንፈር ኖሯል። ሐኪሙ «እንዲህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ከሆነ የፊት ነርቩን የሚጫነው ነገር ሊኖር ይችላል፤ በምስል ሳይታይ ግን በእጄ ዳስሼ አልነግርህም» አለኝ። ኤም አር አይ በሚባል መሣሪያ ጭንቅላቴን እንዲያዩልኝ ነው ወረቀት ጽፎ የላከኝ።

ያ ነገር ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። እኔም አልጠየቅሁም።

ወንድምሽ አድማሴ ጋሪውን እየነዳው ነው ወይስ ቆሟል? ዳማው በአገውኛ ካልሆነ እንደማይሄድ ንገሪው። በአማርኛ ቢለምነው እስከ ጥምቀት እዚያው ይቆማል። ልጄን ምሥራቅን ሳሚልኝ።

አበረ

ዳንግላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአበረ፤

የቀኝ ፊትህን ሰላምታ ተቀብያለሁ። ለግራው ደግሞ የኔን ስጥልኝ፤ የናፈቀኝ እሱ ነው።

ለሰው ምን ብለሽ ነገርሽ ብትለኝ፣ ለዕድሩ ሰዎች «ውብአየሁ ልጇን ልትድር ስለሆነ ሊያግዛት ሄደ» ብያለሁ። አመኑኝ። ጎረቤታችን እንቁ ብቻ «አበረ ከመቼ ወዲህ ነው ሠርግ የሚወደው?» ብላ በዓይኗ በላችኝ። የውብአየሁ ልጅ ገና ሰባት ዓመቷ እንደሆነ ካወቀች አለቀልኝ።

ለእናትህ ግን መዋሸት አልሆነልኝም። ሊታከም ሄደ አልኳት። «ምን ሊያደርጉት?» አለች። «ጭንቅላቱን በመሣሪያ ፎቶ ሊያነሱት» አልኳት። እማ ስሜነሽ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ፎቶ ቤት ዳንግላ ላይ ጠፍቶ ነው? ደግሞስ ፊቱ ተጣሞ ሳለ ማን ተነሳ አለው? ሲሻለው አይነሳም?» እኔና ምሥራቅ ወጥተን ጓሮ ውስጥ ነው የሳቅነው። ከሳቅን በኋላ ግን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ገባን።

ጋሪው ይሠራል። ስለሱ አታስብ፣ ሌላም አትጠይቀኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሐኪሙ የነገረህ ያን ያህል ብቻ ነው ወይ? ከወር በላይ ስትብሰለሰል አይቼሃለሁ። እራትህን ሳትበላ ስትነሳ፣ ለምሥራቅ ያላመልህ «በርቺ ልጄ፣ ራስሽን ቻይ» ስትላት ሰምቼሃለሁ። እኔ ያንተ ሚስት ነኝ እንጂ የዕድሩ ጸሐፊ አይደለሁም። እውነቱን ጻፍልኝ።

ሙቀጫው ሥር ያስቀመጥከውን የልጓም ማያያዣ አግኝቼዋለሁ፤ አትጨነቅ።

ካሳነሽ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ካሴ፤

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ለጊዜው ልለፈው። ለእናቴ ግን ይሄኛው ፎቶ ከቆዳና ከአጥንት ሥር ያለውን ስለሚያነሳ መልክ አይመርጥም በያት።

ዛሬ ሄጄ ተመዘገብኩ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጥቅምት 23 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። መሣሪያው ትልቅ ማግኔት ነው አሉኝ። እንደ በርሜል ክፍት ነው፤ ሰው በጀርባው ተኝቶ ይገባበታል፣ ሳይነቃነቅም ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሲሠራ እንደ ቀጥቃጭ ቤት ይጮሃል አሉ። ጩኸት አልፈራም፤ የዳንግላ መናኸሪያ አሳድጎኛል።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። የሚመዘግበው ባለሙያ ደሴ ይባላል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው። ስሜን ጠየቀኝ፣ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ አገሬን ጠየቀኝ። «ከአዊ፣ ከዳንግላ» አልኩት። ይኼኔ ቀና ብሎ አየኝና «አባቴ፣ ብረት አለብዎት ወይ?» አለኝ።

ካሴ፣ ብረት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። የቀበሌው የጠመንጃ ምዝገባ ተከትሎኝ አዲስ አበባ ገባ አልኩ በልቤ። ሐኪም ቤት ምን አገባው? «የለኝም» አልኩት። «እርግጠኛ ነዎት? የድሮም ቢሆን?» አለኝ። የድሮም ቢሆን! አንድ የነገረው ሰው ከሌለ የድሮ መሆኑን በምን አወቀ? «የድሮም የአዲስም የለኝም፣ አባቴም አልነበረውም» አልኩት፤ የአባቴ ነፍስ ይቅር ይበለኝ። አለቀቀኝም። «በሰውነትዎ ላይስ?» አለ። ተናደድኩና ጃኬቴን ገልጬ፣ ዞር ብዬ ወገቤንም አሳየሁት። ፈገግ አለና «የለም» ብሎ ጻፈ፤ አስፈረመኝም።

ስለዚህ አደራሽን፣ ቆጡ ላይ የተኛውን የአባቴን ሽማግሌ ዛሬ ነገ ሳትይ ከቤት አውጪልኝ። የት እንዳደረግሽው በደብዳቤ አትጻፊ። እኔ እዚህ ስለ ፊቴ ሳስብ እናንተ እዚያ እንድትፈተሹ አልፈልግም።

ማክሰኞ ጸልዩልኝ። ምን እንደምጸልይ ለራሴም ግራ ገብቶኛል፤ ምንም አይታይ ልበል ወይስ ያለው ይታይ ልበል?

አበረ

ዳንግላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

አበረ!

ሰላምታው ይቆይ። ይህን ወረቀት አንብበህ ሳትጨርስ በርሜሉ ውስጥ አንድ እግርህን እንዳታስገባ!

ሽማግሌውን እንዳልከኝ ሸኘሁት። ዓርብ በጋሪ ጭድ ውስጥ ቀብሬ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰድኩት፤ ነፍሴ እስክትወጣ ድረስ እየፈራሁ። ትናንት ተመልሼ ደብዳቤህን ትስቅ ብዬ ለምሥራቅ አነበብኩላት። እውነትም ሳቀች። ወገብህን ያሳየህበት ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለችና «እማ፣ ማግኔት ነው ይላል እኮ» አለችኝ። «ማግኔት ብረት ይስባል። ሰውዬው ጠመንጃ አልጠየቀም፤ ሥጋው ውስጥ ብረት እንዳለ ነው የጠየቀው።»

እጄ በራሱ ጊዜ ወደ አንገቴ ሄደ።

አንተ ሰውዬ፣ ፍንጣሪዋን ረሳሃት? ወታደር ሳለህ ቀኝ አንገትህ ሥር የገባችውን? እኔ ሃያ አራት ዓመት በጣቴ የማውቃትን? በብርድ ጊዜ «ዛሬ ተቀስቅሳለች» እያልክ የምታሳሸኝን? ሁልጊዜ «ፍንጣሪ፣ ፍንጣሪ» ስላልካት ብረት መሆኗ ጠፋህ? ከምን የተሠራች መሰለህ፣ ከሽምብራ?

ምሥራቅ ዛሬ የፊዚክስ አስተማሪዋን ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። «ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ከሆነች ማግኔቱ ሊያነቃንቃት ይችላል፤ በፍጹም እንዳይገባ» ብሏል። ስልክ ብዬ ስንቴ ሞከርኩ! ዳንግላ ከሐሙስ ጀምሮ ኔትወርክ የለም። ቆሰበር ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ደወልኩ፤ የውብአየሁ አይነሳም፣ ያንተን አንተው ዘግተኸዋል። ስትመጣ ስለዚያ ስልክ እንነጋገራለን!

ይሄይስ ነገ ጠዋት ያልፋል። ማክሰኞ ሳይነጋጋ በሩ ድረስ አድርስ ብዬ በልጆቹ አስምዬዋለሁ። አንተ ደግሞ ይህን ወረቀት እንዳለ ለደሴ ስጠው። ቃል እንዳትነግረው፣ አፍህ ይያዝብሃል፤ ወረቀቱን ስጠው። ስለ አባትህ ምንሽር ካነበበም ያንብብ። ብትታሰር ስንቅ አመላልስልሃለሁ፤ ብትሞትብኝ ግን ምን ልሁን?

ካሳነሽ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ካሴ፣ የኔ እመቤት፤

አለሁ። በርሜሉ ውስጥ አልገባሁም።

ይሄይስ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሲደበድብ ውብአየሁ ሰው የሞተ መስሏት እየጮኸች ነው የከፈተችው። ስልኳ ለካ ተበላሽቶ ሠሪ ቤት ሰንብቷል። ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። አንገቴ ላይ በጣቴ ፈለግኳት። እውነትሽን ነው፣ ብረት ናት። በአንድም ቀን ብረት ናት ብዬ አስቤያት አላውቅም። ለኔ ብረት የሚታጠቁት ነው። እሷ ፍንጣሪ ናት፤ ስም ያላት የቤት ሰው ሆናብኛለች።

እንዳዘዝሽኝ ወረቀቱን ለደሴ ሰጠሁት። ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ከሽምብራ?» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቁ አመለጠው፤ የደም ሥሩ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰልኝና «አባቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከጎጃም ለመጣ ሰው ብረት ስል ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ» አለኝ። ስለ ምንሽሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አሁን ሌላውን ሁሉ ሰው «ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ መርፌ፣ ሽቦ፣ በሥጋዎ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ?» እያለ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ።

ወዲያው አንገቴን በራጅ አዩት። ካሴ፣ አየኋት! ነጭ ሆና፣ የባቄላ ግማሽ አክላ፣ ቁጭ ብላለች። ደሴ በጣቱ የደም ሥሩን መንገድ አሳየኝ። ከእሷ እስከዚያ የጣት ጥፍር አይሞላም።

ታዲያ ደስታዬ አልዘለቀም። «ኤም አር አይ ለእርስዎ አይሆንም» አሉኝ። በቃ፣ መንገዱ ተዘጋ አልኩ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ግራ ፊቴን የያዘውን ሳላውቅ በዚያች በቀኟ ምክንያት ልመለስ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ዶክተር ሀብቱ ግን ሌላ መሣሪያ አለ አለኝ፤ ሲቲ ስካን ይሉታል። ማግኔት የለበትም፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረር ነው፣ ግን ጭንቅላትን ከብዙ በኩል ስለሚያነሳ አጥንቱን በቀጭን በቀጭኑ ቆራርጦ እንዳዩት ያህል ያሳያል። «ሥጋውን እንደዚያኛው አያሳየኝም፤ ነርቩ የሚያልፍበትን አጥንት ግን ከዚያኛው ይልቅ ያሳየኛል። አጥንቱ ራሱ ብዙ ይነግረናል» አለኝ። ለሐሙስ ኅዳር 2 ቀጥሮኛል።

እንግዲህ ያለፍኩትን ጥያቄሽን ልመልስ። ካንቺ የሚደበቅ ነገር ከዚህ በኋላ ምን ይሠራል? የባሕር ዳሩ ሐኪም «ዕጢ ሊሆን ይችላል» ብሎኛል። የፊት ነርቭ ከአንጎል ወጥቶ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ዕጢው እዚያ ከበቀለ ቀስ እያለ ያንቀዋል አለኝ። ክፉው ዓይነት ከሆነ ከነርቩ ጋር ቆርጠው ያወጡታል፤ ግራ ፊቴም እስከ ወዲያኛው ይሞታል። እሱም ከደረሱበት ነው። ካልደረሱበት ያለውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም ያልኩሽ እሱን ነው። ልነግርሽ አፌን ስንቴ ከፈትኩ መሰለሽ፤ ወይ አንቺ እየሳቅሽ ትሆኛለሽ፣ ወይ ምሥራቅ ትገባለች።

ፈርቻለሁ፣ ካሴ።

አበረ

ዳንግላ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

አበረዬ፤

ደብዳቤህን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አልገባሁም፤ አጥሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። አለሁ የሚለውን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርህም።

ስለ ዕጢው፣ አውቅ ነበር።

ልትሄድ አራት ቀን ሲቀርህ ሸሚዝህን ላጥብ ስል የሐኪሙ ወረቀት ከኪሱ ወጣ። ምሥራቅ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ሄደች፤ ከመዝገበ ቃላቱ ፈልጋ መጥታ «ዕጢ ይላል» አለችኝ። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፌ ኪስህ ውስጥ መለስኩት፤ ስንቅህንም ቋጠርኩልህ። «ለአንድ ነፋስ ነው ወይ» ብዬ የጻፍኩልህ እኮ አንተው ራስህ እንድትነግረኝ ነበር። አንተ እንዳላዝን ደበቅከኝ፤ እኔ የደበቅከኝ እንዳይከፋህ እንደማላውቅ ሆንኩልህ። ሁለት ሽማግሌ ሞኞች። ከእንግዲህ እንዲህ አንሁን።

ካሳወቅኸኝ አይቀር እኔም የኔን ላውጣ። ጋሪውን የሚነዳው አድማሴ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ዳማው ከነጭነቱ መሐል ገበያ ላይ ቆሞበት አስፋልቱን ዘግቶ የባጃጅ ነጂው ሁሉ ሲሰድበው ልጓሙን ጥሎ ሄደ። የምነዳው እኔ ነኝ። «ሌላ አትጠይቀኝ» ያልኩህ ለዚህ ነው። ከእናትህ ዘንድ ተቀምጬ ሂድ፣ ቁም፣ ቀስ በል የሚሉትን በአገውኛ ተማርኩ። እማ ስሜነሽ አስተምራኝ ስትጨርስ «ሃያ አራት ዓመት ለኔ ያልተማርሽውን ለፈረስ ተማርሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የገበያ ሰው መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ አሁን ግን ሴቶቹ እኔን እየጠበቁ ነው የሚሳፈሩት።

ስለ ፊትህ ልንገርህ። ቢጣመምም፣ ግማሹ ባይንቀሳቀስም ግድ የለኝም። ይህን የምለው ልደልልህ አይደለም። አንተ ብቻ ኑርልኝ። ሐሙስን እንዴት እንደማልፈው አንድዬ ነው የሚያውቀው።

ካሳነሽ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ካሴ፤

ተቀምጠሽ ከሆነ ተነሺ፤ ቆመሽ ከሆነም እልል በይ። ክፉው አይደለም ብለውኛል!

ሐሙስ ዕለት በሲቲው አስገቡኝ። መሣሪያው እንደ ጋሪ ጎማ ክብ ነው፤ እኔ በመሐሉ አለፍኩበት። ክንዴ ላይ መድኃኒት ሲወጉኝ ሙቀቱ ከጉሮሮዬ እስከ እግሬ ወረደ። ሱሪዬን ያበላሸሁ መስሎኝ አፈርኩ፤ ደሴ «ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል» ብሎ አጽናናኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ አስጠበቀኝ። እነዚያን አራት ቀናት ውብአየሁን ጠይቂያት፤ ሁለት ጊዜ ሳህን ሰብሬባታለሁ።

ዛሬ ዶክተር ሀብቱ ምስሉን መብራት ላይ ሰቅሎ ጠራኝ። የራሴን ቅል በቁሜ አየሁት። ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ ቀጭን ቦይ አሳየኝ፤ ደህናው ነርቭ የሚያልፍበት ነው። ከዚያ የግራውን አሳየኝ። ቦዩ ሰፍቷል። «ዕጢ አለ» አለኝ። ካሴ፣ ያን ጊዜ ጆሮዬ ጭው አለ፤ ቀጥሎ የተናገረውን አልሰማሁትም፣ ይድገሙልኝ አልኩት።

ደገመልኝ። «የቦዩን ዳር ይመልከቱት» አለኝ። «ለስላሳ ነው። ክፉ ዕጢ ቢሆን ኖሮ ዳሩን በልቶ ይቦረቡረው ነበር። ይህ ግን አጥንቱን ቀስ አድርጎ ገፍቶ አሰፋው እንጂ አልበላውም። ለዓመታት ነው የቆየው። ከነርቩ ሽፋን የሚያድግ፣ ወደ ሌላ ቦታ የማይዛመት ዓይነት ነው የሚመስለው።» እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ጎርፍ የናደውንና ውኃ ቀስ እያለ ያሰፋውን ቦይ ለይቼ አውቃለሁ። ቀና ብዬ ሳየው እውነትም ዳሩ አልተናደም። ዓይኔ ባየው አመንኩ።

«ሳይቆርጡ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ» እንደምትይኝ ስለማውቅ እኔው ጠየቅሁልሽ። «ናሙና ልውሰድ ብዬ ብነካው ነርቩን እጎዳዋለሁ፤ ያለዎትን እንቅስቃሴም አሳጣዎታለሁ። ዓይንዎ በግድም ቢሆን ይከደናል፣ ይስቃሉ፣ ይበላሉ። ይህን አልነካም። ከሰባት ወር በኋላ ያንኑ ምስል አንስተን እናስተያየዋለን፤ ካላደገ እርግጠኝነቱ ያኔ ይበረታል» አለኝ። ስለዚህ አይቆርጡኝም። ፊቴ አይመለስልኝም፣ ግን አይቆርጡኝም!

ዓይኔ እንዳይደርቅ የሚጨመር ጠብታ ሰጡኝ። እስኪያዩልኝ ድረስ አሥር ቀን እቆያለሁ። ለእናቴ ንገሪያት። ለእንቁም ሠርጉ አልቋል በያት።

አበረ

ዳንግላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

አበረዬ፤

ይሄይስ ወረቀቱን ሲሰጠኝ መናኸሪያው በር ላይ ሦስት ሴቶች ጭኜ ነበር። እዚያው ጋሪው ላይ አነበብኩት። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ዳማው ደንብሮ ሽቅብ ወሰደን። ሴቶቹ «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «አልበላውም! ገፍቶት ነው እንጂ አልበላውም!» አልኳቸው። ያበድኩ መሰላቸው። ሦስቱንም ያለ ሂሳብ ነው ያወረድኳቸው።

እናትህ «ፎቶው እንዴት ወጣለት?» አለችኝ። «አምሮ ወጣ» አልኳት።

ሰባት ወሩን ግን አልወደድኩትም። ደስ ብሎኛል፤ ዓይኔን አሻሽቼ ደግሜ ሳነበው ግን «የሚመስለው» የሚል ቃል አለበት። እስከዚያ እኔና አንተ ያን ቃል ይዘን እንኖራለን ማለት ነው። ይሁን። አብረን እንይዘዋለን።

ቶሎ ና።

ካሳነሽ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ካሴ፤

አላደገም።

«በአንድ መስመር ጻፍልኝ፣ ወሬ እንዳትደርትብኝ» ብለሽ ስለላክሽብኝ መጀመሪያ እሱን ጻፍኩልሽ። አሁን ቁጭ በይና ቀሪውን አንብቢ።

ዶክተር ሀብቱ የኅዳሩንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን ሰቀላቸው። በሚሊ ሜትር ለካ፤ ኅዳር ላይ ስንት፣ ዛሬ ስንት። እኩል መጣ። «እስቲ ይድገሙት» አልኩት። ሳይቆጣ ደገመው። እኩል። ሌላ ሐኪም ጠርቶ ለብቻው አስለካው፤ ያም እኩል አለ። የቦዩ ዳር እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። «አንድ ቀን ማደግ ቢጀምር እናየዋለን፤ ያኔ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን እንደገመትነው ነው፣ ልብዎን ያሳርፉ» አለኝ።

ከዚያ ካርዴን ወስዶ ቀጠሮ ጻፈበት። ተቀብዬ ሳየው ሰኔ 2009 ይላል። ሰውዬው ደክሞት ዓመቱን የሳተ መሰለኝ። «ዶክተር፣ ዓመተ ምሕረቱን ተሳስተዋል» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም። ከዚያ በፊት እርስዎን የማይበት ምክንያት የለኝም» አለኝ።

ካሴ፣ ሰው «ላይህ ምክንያት የለኝም» ሲለው እንዲህ ደስ የሚለው መኖሩን አላውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ግራ ዓይኔ ሁልጊዜም ስለሚያነባ ማንም ልብ አላለኝም። ወለል የምትወለውል አንዲት ሴት ብቻ በቀኙም እንደማለቅስ አየችና መወልወያዋን አስደግፋ ጠጋ አለችኝ። «ክፉ ነገር ነገሩህ ወንድሜ?» አለችኝ። «እስከሚመጣው ዓመት አትምጣ አሉኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ያን ሁሉ በሽተኛ መሐል አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው! ዘበኛው ሮጦ መጣ፣ ነርሶቹ ከየበሩ ብቅ አሉ፣ ተራ የሚጠብቁትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። እኔ በተጣመመ አፌ መሐላቸው ቆሜ ስስቅ ማንም ዞር ብሎ አልታዘበኝም።

ነገ ዓይኔን አይተው ይለቁኛል። እንግዲህ ዓመት ሙሉ የሚፈልገኝ ሐኪም የለም። አንቺ ከፈለግሽኝ እሑድ እገባለሁ።

አበረ